ገጹ ከመከፈቱ በፊት የምትባክነው 5 ሰከንድ፦ የቤት ሰርቨር ላይ ዲኤንኤስ ለምን ይዘገያል?

አንድ ድረ ገጽ ትከፍታላችሁ። ገጹ ነጭ ሆኖ ቁጭ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ምስሉም ጽሑፉም ባንዴ ዱብ ይላል። እዚያው ድረ ገጽ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስትሉ ምንም ችግር የለም፤ ይበርራል። ሌላ አዲስ ድረ ገጽ ስትሞክሩ ግን ያው ጥበቃ ይመለሳል።

እንዲህ ሲሆን አብዛኛው ሰው "ኔትወርኩ ቀርፋፋ ነው" ብሎ ይደመድማል። የፍጥነት መለኪያ ሲከፍት ግን ቁጥሩ ደህና ነው። ራውተሩን ያጠፋል፣ ያበራል። ለውጥ የለም። ቤታቸው ውስጥ የራሳቸውን የስም ሰርቨር (የዲኤንኤስ ሰርቨር) ያቆሙ ሰዎች ይህን ነገር በደንብ ያውቁታል። ማስታወቂያ ለማገድ ፓይ-ሆልን የሚጠቀሙም፣ እንደ ዲኤንኤስማስክ፣ አንባውንድ ወይም ባይንድ ያለ የስም ሰርቨር ፕሮግራም የጫኑም ሳይገጥማቸው አይቀርም።

ደግነቱ ይህ ችግር ዱካ ይተዋል። ዱካው ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። መዘግየቱ ስንት እንደሆነ በትክክል ካወቃችሁ የምክንያቱን ግማሽ አውቃችኋል። ስለዚህ ሴቲንግ ከመነካካታችሁ በፊት ለኩ። ሳይለኩ ሦስት አራት ነገር ባንዴ መቀየር ችግሩን ያወሳስበዋል እንጂ አይፈታውም።

ዲኤንኤስ ሥራው ምንድን ነው?

ኮምፒውተሮች የሚገናኙት አይፒ አድራሻ በሚባል ቁጥር ነው። እኛ የምንጽፈው ደግሞ ስም ነው። ስሙን ተቀብሎ ቁጥሩን ፈልጎ የሚያመጣው ሥርዓት ዲኤንኤስ ይባላል።

ኔትወርኩ ገና ትንሽ ሳለ የሁሉም ኮምፒውተር ስምና ቁጥር በአንድ ፋይል ተጽፎ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም ይቀመጥ ነበር። የፈለገ ሁሉ ከዚያ ይገለብጣል። የኮምፒውተሩ ቁጥር ሲበዛ ይህ አላዋጣም። እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ ዲኤንኤስን ነደፈ፤ መዝገቡም በየቦታው ለተበተኑ ሰርቨሮች ተከፋፈለ። ኢንተርኔት ዛሬ ያለበት ስፋት ላይ የደረሰው በዚህ ክፍፍል ነው። መዘግየት የሚገባውም በዚያው በር ነው፤ አንድ ጥያቄ መልስ እስኪያገኝ ድረስ ብዙ እጅ ያልፋልና።

ጥያቄው በየት በየት ያልፋል?

ስልካችሁ ወይም ላፕቶፓችሁ ራሱ ሄዶ አይፈልግም። አንዱን ሰርቨር "የዚህን ስም ቁጥር አምጣልኝ" ይለዋል። ይህን የፍለጋ ሥራ የሚሠራው ሰርቨር ሪዞልቨር ይባላል። ብዙ ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው ራውተሩ ነው። የቤት ሰርቨር ያላችሁ ሰዎች ሥራውን ለሰርቨራችሁ ሰጥታችሁታል ማለት ነው።

ሰርቨሩ መጀመሪያ የራሱን ማስታወሻ ያያል። በቅርቡ የተጠየቀ ስም ከሆነ መልሱን እዚያ ያገኘዋል። ይህ ጊዜያዊ ማስታወሻ ካሽ ይባላል። መልሱ እዚያ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ የሚወስነው የስሙ ባለቤት ነው። ጊዜው ሲያልቅ መልሱ ይጣላል፣ ፍለጋውም እንደ አዲስ ይጀመራል። "ቅድም ደህና ነበር፣ አሁን ምን ነካው?" የሚያሰኘው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ካሹ ውስጥ ከሌለ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ማቀበል ነው። ሰርቨሩ ጥያቄውን ለአንድ ትልቅ ሰርቨር ያስተላልፋል፤ ለጎግሉ 8.8.8.8፣ ለክላውድፍሌሩ 1.1.1.1 ወይም ለኢንተርኔት አቅራቢያችሁ። ከዚያ መልሱን ይጠብቃል። ሁለተኛው ራሱ ከሥሩ ጀምሮ መፈለግ ነው። በ13 ስሞች ከሚታወቁት የሥር ሰርቨሮች አንዱን ይጠይቃል። እሱ የ"ዶት ኮም"ን ወይም የ"ዶት ኦርግ"ን ሰርቨሮች ይጠቁመዋል። እነሱ ደግሞ የድረ ገጹን የራሱን ሰርቨር ይጠቁሙታል። ቁጥሩን በመጨረሻ የሚሰጠው ያ ነው። አንባውንድ ወይም ባይንድ ሌላ ነገር ካልታዘዙ በስተቀር የሚሠሩት በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነው። ዲኤንኤስማስክ ግን ያቀብላል እንጂ ከሥር ጀምሮ አይፈልግም።

ስንት ሲፈጅ ነው ዘገየ የሚባለው?

ሊኑክስና ማክ ላይ ዲግ (dig) የሚባል ትእዛዝ አለ። ተርሚናል ከፍታችሁ ዲግ ብላችሁ፣ ክፍት ቦታ ትታችሁ፣ የድረ ገጹን ስም ጻፉ። ከሚመጣው መልስ ግርጌ ሁለት መስመሮችን ፈልጉ። አንዱ ጥያቄው ስንት ሚሊ ሰከንድ እንደፈጀ ይናገራል። ሌላው ማን እንደመለሰ ይናገራል፤ እዚያ 192.168.1.10#53 ዓይነት ነገር ታያላችሁ። 53 ዲኤንኤስ የሚሠራበት ፖርት፣ ማለትም የበር ቁጥር፣ ነው። ከፊቱ ያለው አድራሻ የእናንተ ሰርቨር መሆኑን አረጋግጡ። ሰርቨሬን እየለካሁ ነው ያለ ሰው ራውተሩን ሲለካ መዋሉ የተለመደ ነው። 127.0.0.53 ካያችሁ ደግሞ መላሹ ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ያለ አቀባይ ነው። ዊንዶውስ ላይ ኤንኤስ-ሉክአፕ (nslookup) አለ፤ መልሱን ያሳያል፣ የፈጀውን ጊዜ ግን አይነግራችሁም።

ያንኑ ስም ሁለት ጊዜ አከታትላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛው ከካሽ ስለሚመጣ ቤት ውስጥ በኬብል ከሆነ 1 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ፣ በዋይፋይ ከሆነ ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ቢፈጅ ነው። ካሽ ውስጥ ያለው መልስ ራሱ በአስሮችና በመቶዎች ሚሊ ሰከንድ ከመጣ ጥፋቱ የዲኤንኤስ ላይሆን ይችላል፤ ዋይፋዩን ወይም የሰርቨሩን ጭነት ተመልከቱ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ከ10 እስከ 100 ሚሊ ሰከንድ ቢወስድ ጤነኛ ነው። ከሥር ጀምሮ የሚፈልግ ሰርቨር ካላችሁ አንዳንዱ አዲስ ስም ጥቂት መቶ ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። ይህም ብልሽት አይደለም፤ መንገዱ ስለሚረዝም ነው። አንባውንድ ላይ መልሱ ከማለቁ በፊት ቀድሞ የሚያድስ አማራጭ አለና እሱን ብታበሩ በየቀኑ የምትከፍቷቸው ገጾች ላይ ልዩነቱን ታያላችሁ።

አሳሳቢው ሌላ ነው። መዘግየቱ ሁልጊዜ ድፍን ሰከንድ ከሆነ ነው።

ለምንድን ነው ልክ 5 ሰከንድ የሚሆነው?

የሚዘገየው 5 ሰከንድ፣ አንዳንዴም 10 ከሆነ፣ አንድ ነገር እርግጠኛ መሆን ትችላላችሁ። ማንም በዝግታ እየሠራ አይደለም። አንዱ መልስ እየጠበቀ ነው፣ መልሱ ግን አይመጣም። ሰው ጋ ደውላችሁ ስልኩ እየጠራ አይነሳም እንበል። እስኪቋረጥ ትጠብቃላችሁ፣ ከዚያ ሌላ ቁጥር ትሞክራላችሁ። ኮምፒውተሩም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እስከ መቼ እንደሚጠብቅ የሚወስነው ገደብ ታይምአውት ይባላል። ብዙዎቹ የሊኑክስ ስርጭቶች በሚጠቀሙበት ጂሊብሲ በተባለው መሠረታዊ ላይብረሪ ውስጥ ይህ ገደብ ካልተቀየረ 5 ሰከንድ ነው። እንግዲህ የ5 ሰከንዷ ምንጭ ይህች ናት።

መልስ የማይመጣበት ዋናው ምክንያት ከዝርዝሩ አናት ያለው ሰርቨር የሞተ መሆኑ ነው። ሊኑክስ የስም ሰርቨሮቹን ዝርዝር ሪዞልቭ-ኮንፍ (/etc/resolv.conf) በሚባል ፋይል ይይዛል። ዝርዝሩ በተርታ ነው የሚጠየቀው። አናት ላይ ያለው ድሮ ያወጣችሁት ራውተር ወይም አድራሻው የተቀየረ ሰርቨር ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ መጀመሪያ እሱን ይጠይቃል። ይጠብቃል። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ይሄዳል። የሚያሳዝነው ደግሞ አለመማሩ ነው፤ ለሚቀጥለው ስም እንደገና ከአናቱ ይጀምራል። ገጹ በመጨረሻ ስለሚከፈት ደግሞ "የተበላሸ ነገር አለ" ብሎ የሚጠረጥር አይገኝም።

እዚህ ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። ማሽኑ በርቶ የስም አገልግሎቱ ብቻ ከጠፋ፣ ማሽኑ "እዚህ የለም" ብሎ ወዲያው ይመልሳል። ጠያቂውም ሳይዘገይ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ፋየርዎል፣ ማለትም የኔትወርክ ትራፊክን የሚያጣራው ዘብ፣ ጥያቄውን ዝም ብሎ ከዋጠው ግን እምቢታ እንኳ አይመጣም፤ ጠያቂው ሙሉውን ጊዜ ይጠብቃል። ስለዚህ ድፍን ሰከንዶች ስታዩ ፋየርዎሉን ከመጀመሪያዎቹ ተጠርጣሪዎች መሀል አስገቡት።

ዲግ ፈጣን ሆኖ ብሮውዘሩ ለምን ይዘገያል?

ይህ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጥበት ቦታ ነው። ዲግ 20 ሚሊ ሰከንድ ይላል፣ ፕሮግራሞቹ ግን አሁንም 5 ሰከንድ ይጠብቃሉ። አንዳቸውም አልዋሹም። የሚጠይቁት ነገር ስለሚለያይ ነው።

ዲግ ካላዘዛችሁት የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቆየውን የአይፒ አድራሻ፣ ማለትም አይፒቪ 4ን። ተራ ፕሮግራም ግን ብዙ ጊዜ ሁለት ጥያቄ አከታትሎ ይልካል፤ አንዱ ለአይፒቪ 4፣ ሌላው ለአዲሱ ለአይፒቪ 6። አንዳንድ ራውተሮችና ፋየርዎሎች ሁለቱ ባንዴ ከአንድ በር ሲወጡ ይደናገሩና የአንዱን መልስ ይጥሉታል። የመጀመሪያው መልስ በ20 ሚሊ ሰከንድ ደርሷል። ፕሮግራሙ ግን ሁለተኛውን ይጠብቃል። 5 ሰከንድ ሲሞላ እንደገና ይጠይቃል፤ ያኔ ይሳካለታል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ዲግን አንዴ ለአይፒቪ 4 መዝገብ (A)፣ አንዴ ለአይፒቪ 6 መዝገብ (AAAA) ለየብቻ ጠይቁት። የአይፒቪ 6ቱ ብቻ የሚንቀረፈፍ ከሆነ ጥያቄው የሚተላለፍለት ሰርቨር ወይም ራውተሩ እሱን በትክክል አይመልስም። ሁለቱም ለየብቻ ፈጣን ከሆኑ፣ ጌት-ኢንት የሚባለውን ትእዛዝ ኤ-ሆስትስ ከሚለው ቃል ጋር (getent ahosts) ሞክሩ። እሱ እንደ ተራ ፕሮግራም ነው የሚጠይቀው። እዚያ ላይ 5 ሰከንዷ ከታየች ችግሩ ጥንዱ ላይ ነው። ሪዞልቭ-ኮንፍ ውስጥ ሁለቱ ጥያቄዎች በተራ እንዲላኩ ወይም በተለያየ በር እንዲወጡ የሚያደርግ አማራጭ አለ። አንድ መስመር ነው፤ ለብዙ ሰው ችግሩን በአንዴ ያጠፋዋል።

ከትእዛዙ ፊት ታይም (time) የሚለውን ብትጨምሩ ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያለፈውን ጊዜ በሙሉ ታያላችሁ። ዲግ ግርጌ ላይ በሚጽፈው ቁጥር ብቻ አትመኑ።

ጥፋቱ የሰርቨሬ ነው ወይስ የውጪው?

ይህን ለመለየት አንድ ዓይነት ጥያቄ በሦስት መንገድ ጠይቁ። መጀመሪያ ሰርቨሩ ላይ ገብታችሁ ዲግን @8.8.8.8 ብላችሁ የውጪውን በቀጥታ ጠይቁ። ቀጥሎ እዚያው ሆናችሁ @127.0.0.1 በማለት ሰርቨሩን ራሱን ጠይቁ። በመጨረሻ ከላፕቶፓችሁ ሆናችሁ የሰርቨሩን አድራሻ ጠይቁ። በየተራው አዲስ ስም ተጠቀሙ፤ አለበለዚያ የምትለኩት ካሽን ነው።

የመጀመሪያው ከዘገየ ችግሩ ከቤት ውጪ ነው፣ ወይም መስመራችሁ ተጨናንቋል። አንድ ሰው ትልቅ ፋይል ወይም የስልኩን ፎቶዎች ሁሉ ወደ ላይ ሲጭን ትንንሾቹ የስም ጥያቄዎች ከኋላ ተሰልፈው ይቀራሉ። ይህን የምታውቁት መዘግየቱ ወጥ ስለማይሆን ነው፤ አንዴ 40፣ አንዴ 900 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። ሦስተኛው ብቻ ከዘገየ ዋይፋዩን ወይም የሰርቨሩን ፋየርዎል እዩ።

የመጀመሪያው ፈጣን ሆኖ ሁለተኛው ከዘገየ ግን ጉዳዩ ሰርቨሩ ውስጥ ነው። እዚያ ደጋግሞ የሚገኘው የአይፒቪ 6 ጣጣ ነው። ከሥር ጀምሮ የሚፈልግ ሰርቨር የሌሎች ሰርቨሮችን የአይፒቪ 6 አድራሻም ያገኛል። መስመራችሁ አይፒቪ 6 ያለው እየመሰለ የማይሠራ ከሆነ፣ ሰርቨሩ ወደማይደረስበት አድራሻ እየላከ በየደረጃው ይጠብቃል። ጥበቃው ይደራረባል። አይፒቪ 6 ከሌላችሁ ለሰርቨሩ ግልጹን ንገሩት። አንባውንድ ይህን የሚያጠፋ አማራጭ አለው፤ ባይንድ ደግሞ ሲነሳ በአይፒቪ 4 ብቻ እንዲሠራ ይታዘዛል።

ሌላው ክፉ ነገር ዙሪያ ጥምጥም ነው። ሰርቨሩ ጥያቄውን ለራውተሩ ያቀብላል። ራውተሩ ደግሞ "የስም ሰርቨርህ ያ ነው" ተብሎ ስለተነገረው መልሶ ለሰርቨሩ ያቀብላል። ጥያቄው መሀላቸው ሲሽከረከር ይውላል። ሰርቨሩ ለራውተሩ እንዳያቀብል አድርጉ፤ ይበቃል።

ትልልቅ መልሶችም አሉ። ዲኤንኤስ በተለምዶ የሚሠራው ዩዲፒ በሚባለው ፈጣን መንገድ ነው። መልሱ በዚያ መንገድ አልበቃ ሲል ቲሲፒ ወደሚባለው ሌላ መንገድ ይዞራል። ብዙ ሰው ፋየርዎሉ ላይ ፖርት 53ን ለዩዲፒ ብቻ ይከፍትና ቲሲፒን ይረሳል። ያኔ አብዛኛው ስም ሰላም ሆኖ ጥቂቶቹ ብቻ አልከፈት ይላሉ። ለሁለቱም ክፈቱ።

የሰርቨሩ ሰዓትም ይታይ። የመልሶችን ትክክለኛነት በፊርማ የሚያረጋግጠው ዲኤንኤስሴክ ፊርማው ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን ያያል። ሰዓቱ የተሳሳተ ሰርቨር ትክክለኛውን መልስ ሐሰተኛ ብሎ ይጥለዋል። እስከ 4ኛው ትውልድ ያሉ ራስፕቤሪ ፓይዎች መብራት ሲጠፋ የሚቆጥር የራሳቸው ሰዓት የላቸውም። ሰዓቱን ከኢንተርኔት ለማስተካከል ስም መፈለግ ያስፈልጋል፤ ስም ለመፈለግ ደግሞ የተስተካከለ ሰዓት። መብራት ሄዶ ሲመጣ ብቻ የሚከሰት ችግር ካላችሁ ይህንን አስቡ። መፍትሔው የሰዓት ሰርቨሩን በስም ሳይሆን በቁጥር መስጠት ነው።

የቤት ውስጥ ስሞች ብቻ የሚዘገዩትስ?

ለቤት መሣሪያዎቻችሁ በ"ዶት ሎካል" የሚያልቅ ስም ሰጥታችሁ ከሆነ ምክንያቱ እሱ ሊሆን ይችላል። ይህ ማለቂያ እ.ኤ.አ. በ2013 ያለ ሰርቨር እርስ በርስ ለሚጠራሩ መሣሪያዎች የተተወ ነው። ብዙ ኮምፒውተር ይህን ስም ሲያይ ሰርቨራችሁን ትቶ መጀመሪያ ቤቱን በሙሉ ይጣራል፤ የሚመልስ እስኪያጣ ይጠብቃል። ለቤት ኔትወርክ ተብሎ በ2018 የተመደበው "ሆም ዶት አርፓ" ነው፤ እሱን ተጠቀሙ።

በኤስኤስኤች፣ ማለትም በርቀት በሚያስገባው ፕሮግራም፣ ወደ ሰርቨሩ ስትገቡ የይለፍ ቃል ከመጠየቁ በፊት የሚቆይባችሁም አላችሁ። ሰርቨሩ የእናንተን ቁጥር ይዞ ስማችሁን እየፈለገ ሊሆን ይችላል። የግልቢጦሽ ፍለጋ ነው። 192.168 ብሎ የሚጀምር አድራሻን የውጪው ዓለም አያውቀውም፤ ጥያቄው ወደ ውጪ ከወጣ መልስ ቢመጣም "የለም" ነው፣ መስመሩ ላይ ከተዋጠ ደግሞ ጥበቃ ነው። የኦፕን-ኤስኤስኤች ሰርቨር ከስሪት 6.8 ወዲህ ይህን ፍለጋ ካልታዘዘ አያደርግም። የቆየ ማሽን ካላችሁ አጥፉት። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሰርቨራችሁ የቤቱን ቁጥሮች ራሱ እንዲመልስ ማድረግ ነው።

8.8.8.8ን ሁለተኛ አድርጌ ብጨምርስ?

ብዙ ሰው ይህን የሚያደርገው "የኔ ሰርቨር ሲሞት ብቻ ይሠራል" ብሎ ነው። ግን ብዙ መሣሪያዎች ሁለተኛውን እንደ ተጠባባቂ አያዩትም። አንዳንዱ እንዳሻው ይቀያይራል፣ አንዳንዱ ለሁለቱም ይልካል። ውጤቱ፣ የቤታችሁ ስሞች አንዴ ይገኛሉ አንዴ ይጠፋሉ፤ የታገደው ማስታወቂያም ብቅ ጥልቅ ይላል። ተጠባባቂ ከፈለጋችሁ ያው ዝርዝርና ያው ስሞች ያሉት ሁለተኛ የራሳችሁ ሰርቨር ይሁን።

ወደ ሌላ የስም ሰርቨር መቀየር ፋይል የሚወርድበትን ፍጥነት እንደማይጨምርም ይታወቅ። ዲኤንኤስ የሚሠራው ገጹ ከመጀመሩ በፊት ባለችው ቅጽበት ነው። እንዲያውም ከእናንተ በጣም የራቀ ሰርቨር ከመረጣችሁ፣ ትልልቅ ድረ ገጾች ወደ ሩቅ ማከማቻ ሊመሯችሁ ይችላሉ።

አስተካክዬው ተመልሶ የሚመጣውስ?

ሪዞልቭ-ኮንፍን በእጃችሁ አርማችሁ ከሆነ ይህ ይጠበቃል። ፋይሉን ብዙ ጊዜ የሚጽፈው ሌላ ፕሮግራም ነው። ራውተሩ አድራሻ ባደለ ቁጥር የስም ሰርቨሮቹንም አብሮ ይሰጣል፤ ያ ፕሮግራምም የጻፋችሁትን አጥፍቶ የተሰጠውን ይጽፋል። አንዳንድ ራውተር ደግሞ በአይፒቪ 6 በኩል የራሱን አድራሻ ለብቻው ያስተዋውቃል፤ በአይፒቪ 4 በኩል ያስተካከላችሁት ይህን አይነካውም። ስለዚህ ለውጡን ራውተሩ አድራሻ በሚያድልበት ገጽ ላይ፣ በሁለቱም በኩል አድርጉት። ከዚያ ሰርቨሩንም አንድ ላፕቶፕም አጥፍታችሁ አብሩ። የሪዞልቭ-ኮንፍን ይዘት ተመልከቱ፣ ታይምን ከጌት-ኢንት ጋር አድርጋችሁ በአዲስ ስም እንደገና ለኩ። 5 ሰከንዷ ካልተመለሰች ማስተካከያው ጸንቷል።